የክሪኬት ለቅሶ

ተሻለች ለቅሶ አያመልጣትም። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሐበሻ ሲሞት፣ ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቅ ብትሆን እንኳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የሻይ ቴርሞሷን ይዛ ከሁሉ ቀድማ ከተፍ የምትለው እሷ ናት። ሰርግ ላይ አርፍዳ ትመጣለች። ክርስትና ጭራሽ ትረሳለች። ለቅሶ ላይ ግን አንድም ቀን ታምታ አታውቅም። «ሰርግ ላይ ብቀርም የሚፈልገኝ የለም፤ ያዘነ ሰው ግን ማን እንደመጣለት አይረሳም» ትላለች። ታዲያ አንዳንድ ቀልደኞች ስልካቸው ላይ የተሻለች ስም ሲመጣ «ደግሞ ማን ሞተ?» ብለው ነው የሚያነሱት።

የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ታጥፋለች። መጦሪያ ነውና አንሶላው ብቻውን የሚመለስበት ቀን ይበዛል። መጀመሪያ ሥራ የገባች ሰሞን፣ የሟች ልጆች የእናታቸውን ልብስ ሊወስዱ ሲመጡ ምን እንደምትላቸው ግራ ገብቷት ቆማ ስታለቅስ፣ አለቃዋ ጠጋ ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረቻት፦ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»። ተሻለች ይህችን ዓረፍተ ነገር ወደደቻት። የኛን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ባትተካም፣ ባዶ እጅ ከመቆም ታድናለች።

ስለዚህ በተሻለች እንግሊዝኛ ሎስ ማለት ሞት ነው። ሉዝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሉዝ የጨዋታ ነው። ልጇ ብሩኪ ቅር ብሎት ወደ ቤት ሲገባ «ሉዝ አደረግን፣ እማ» ይላታል፤ እሷም «አይዞህ፣ ነገ ሌላ ቀን ነው» ብላ ምሳውን ታቀርብለታለች። ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የነገራት ሰው አልነበረም።

ክሪኬት እንዴት እንደገባባት እሷም በቅጡ አታውቀውም። ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ብሩኪ ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት መልስ ከፓኪስታንና ከአፍጋኒስታን ልጆች ጋር መኪና ማቆሚያው ላይ ይውል ነበር። የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለው፣ የቆሻሻ ቅርጫት አቁመው፣ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በጣውላ ይመታል። ተሻለች ከላይ ከበረንዳው ሆና ስታይ ገና የሚጫወቱ መስሏት «በግንቦት ገና!» ብላ ሳቀች። የጎረቤት መኪና መስታወት የተሰበረ ዕለት ግን አልሳቀችም። ልጁን እቤት ዘጋችበት።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ብሩኪ የሚማርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ ሚስተር ሱክዴዮ ነበሩ። የጉያና ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ያኔም የሸበተ፣ ክረምት ከበጋ ሹራብ የማያወልቁ። ልጁ ለትምህርት ቤቱ ክሪኬት ቡድን እንዲጫወት ሊለምኑ ሲመጡ፣ ክሪኬት ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የዳቦ ቢላዋዋን እንደ ባት፣ እንደ መምቻው ጣውላ ይዘው፣ ሎሚ እንደ ኳስ ጠረጴዛው ላይ እያንከባለሉ ግማሽ ሰዓት አስረዷት። ከጨዋታው አንዲት ነገር አልገባትም። ሰውዬው ግን ገቧት። የሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ ብለው ስንት ፎቅ ደረጃ የወጡ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሚስተር ሱክዴዮ ለብሩኪ ኮች፣ ለተሻለች «ሚስተርዬ» ሆኑ። አባት ለሌለው ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናት ታውቀዋለች። ብሩኪ ነጭ ሱሪ ተገዛለት። ከመጀመሪያው ጨዋታ ሲመለስ ሱሪው ጭኑ ላይ ቀይ ሆኖ ብታይ «ልጄን ፈነከቱብኝ!» ብላ ጮኸች። ደም አልነበረም። ወርዋሪዎቹ ኳሷ እንድታብረቀርቅ ሱሪያቸው ላይ ያሿታል፣ ቀለሟ ይለቃል። ያን ቀይ ለማስለቀቅ ያልሞከረችው ሳሙና የለም።

የጨዋታውን ሕግ እስከ ዛሬ አልተማረችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ የልጇን አረማመድ። ብሩኪ ሲመታ ቆይቶ ከጨዋታ ሲወጣ ባቱን ብብቱ ሥር ይሸጉጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ጓንቱን በጥርሱ እየፈታ ይሄዳል። ያን አረማመድ ካየች፣ ተጫዋቾቹ ምን እያሉ እንደሆነ ባይገባትም፣ የሷ ጨዋታ አልቋል።

እነዚያ ዓመታት ደጎች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የትልልቆችና የትንንሾች ቡድን ነበረው፤ ቦታ አጥተው የሚያለቅሱ ልጆች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜዳው ዳር የፓኪስታን እናቶች ሳምቡሳ፣ ተሻለች ዳቦ ይዘው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። መሀል ሜዳ ላይ ሲሚንቶ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ከመጋዘን ረጅም ምንጣፍ ተሸክመው አምጥተው ሲሚንቶው ላይ ይዘረጉታል፣ ኳሷ የምትነጥረው በሱ ላይ ነው። ከኮኮነት ገመድ የተሠራ ሻካራ ነገር ነው። ተሻለች ሰሌን ነበር የምትለው፤ ከልጇም አልፎ ሚስተር ሱክዴዮ እንኳ በሷ አፍ «ሰሌን» ማለት ለምደው ነበር።

የትምህርት ቤት ክሪኬት እንዴት እንደሚሞት ያየ ሰው ይፍረድ። በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ አንድ መምህር ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ «ቡድን ያለ ኃላፊ መምህር አይፈቀድም» የሚል ሕግ ይጠቀሳል፤ አንዲት ወጣት መምህርት እሺ ትላለች፤ እሷም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትዛወራለች። አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ከከተማ ውጭ ወዳሉ የግል ማሠልጠኛዎች በመኪና ያመላልሳሉ። አቅም የሌላቸው ልጆች ከትምህርት መልስ ሥራ ይገባሉ። የተቀሩት ስልካቸውን ይዘው ሶፋ ላይ ተዘርግተዋል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ቡድናቸውን ሲዘጉ የሚገጥሙት ይጠፋል፤ የሚገጥሙት ሲጠፋ ልምምድ የሚመጣው ይቀንሳል። ማንም አልገደለውም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እጁን ከላዩ አነሳ።

ሚስተር ሱክዴዮ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከሚኖሩበት ከፓርክዴል ሰፈር በአውቶቡስና በባቡር እየመጡ ያለ ደመወዝ አሠለጠኑ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ቡድኑን ለብሩኪ አስረከቡት።

ብሩኪ በዚህ ጊዜ ለካናዳ ብሔራዊ ቡድን ተመርጧል። ተሻለች ይህን በሰማች ዕለት ዕልልታዋ የጎረቤት ሕፃን ቀሰቀሰ። ብሔራዊ ቡድን ሲባል እንደሌላው አገር ሲሸኙት ባንዲራ ሲቀበሉት አበባ ያለ መስሏት ነበር። ብሩኪ ግን ኢቶቢኮ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ ሲጭን ውሎ፣ ማታ ጣሪያው ዝቅ ባለ አዳራሽ ውስጥ በመረብ ታጥሮ ሲለማመድ ያመሻል። ተጋጣሚዎቹ ዓመቱን ሙሉ ሣር ላይ ሲጫወቱ፣ የኛዎቹ በረዶው እስኪሄድ ሣር በሕልማቸው ነው የሚያዩት። አብረውት የሚሠሩት ሕንዶችና ፓኪስታኖች ክሪኬት ነፍሳቸው ነው፤ የሚያዩት ግን የአገራቸውን ቡድን ነው። አንዱ «ካናዳም ቡድን አላት እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ የብሩኪ ማሊያ ቦርሳው ውስጥ ነበር። አላወጣውም።

ይሸነፋሉ። አንዳንዴ ያሸንፋሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሸነፋሉ። «ሉዝ አደረግን፣ እማ።»

በዚህ ዓመት መጋቢት ላይ ነገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ተገናኘ። ብሔራዊ ቡድኑ ዱባይ ላይ የመጨረሻ ማጣሪያ ነበረው፤ ያሸነፈ ዓለም ዋንጫ ይገባል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ኃላፊ መምህርና በቂ ልጆች ካልተገኙ ክሪኬት እንደሚቀር ለብሩኪ ነግሮታል። የተመዘገቡት ልጆች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ብሩኪ በሚሄድበት ዋዜማ ሚስተር ሱክዴዮ ሊሰናበቱት መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

«ኮች፣ እኛ ካሸነፍን ልጆቹ ይመለሳሉ» አላቸው ብሩኪ። «ከነሱ ሕንፃ የወጣ ሰው ዓለም ዋንጫ ሲገባ ያያሉ። ያኔ እምቢ የሚል ፕሪንሲፓል አይኖርም። ኃላፊ የሚሆን መምህርም ተሽቀዳድሞ ይመጣል።»

«አንተ ብቻ ተረጋጋ» አሉት ሚስተር ሱክዴዮ። «ኳሷን ጠብቃት። ጊዜ አለህ።»

ተሻለች ሁለቱን አየቻቸው። አንድ ጨዋታ ላይ ይህን ሁሉ መጫን ልክ አልመሰላትም፤ ግን እሷ ስለ ክሪኬት ምን ታውቃለች?

ጨዋታው እዚህ በሥራ ሰዓት ሆነ። ተሻለች ስልኳን የሳሙና ጄሪካን ላይ አስደግፋ፣ በማድረቂያዎቹ ጩኸት መሀል አንሶላ እያጠፈች ታያለች። ብሩኪ ገባ። መታ። ደግሞ መታ። አስተያየት ሰጪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እሷም ልቧ ከፍ አለ። ከዚያ አንዷን ኳስ ወደ ላይ መታት፤ ኳሷ ሰማይ ላይ ብዙ ቆየች፣ ከሥሯም አንድ ሰው ቆሞ ጠብቆ ቀለባት። ካሜራው ወደ ብሩኪ ሲመለስ ባቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነበር። ተሻለች ስልኩን አጠፋችው።

ከሰዓታት በኋላ ደወለ። «እማ፣ ሉዝ አደረግን።»

«አይዞህ የኔ ልጅ። ደህና ነህ? በልተሃል?»

«በልቻለሁ። እማ፣ ኮችን ኮል አድርጊላቸው። ብቻቸውን ናቸው። እንዳትረሺ።» ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ሽንፈቱ ነው ብላ አለፈችው።

ሚስተር ሱክዴዮ ያን ዕለት ስልክ አላነሱም። በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው ያገኘቻቸው። ወሬያቸው ሁልጊዜም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሳቸው ፈጣን፣ የሷ ደግሞ ስብርብር ያለ።

«ትልቅ ሎስ ነው የደረሰብን፣ ተሻለች» አሏት። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ያ ሁሉ ዘመን… ሄደ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ በዓይኔ አየሁት።»

ተሻለች ሎስ የምትለዋን ቃል ስትሰማ እጇ ደረቷ ላይ ዐረፈ። በስልክ «ማን?» ብሎ መጠየቅ ለሷ ነውር ነው፤ ይህ እዚያው ለቅሶው ቤት የሚጠየቅ ነገር ነው። ደግሞም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሚስተር ሱክዴዮ ስካርቦሮ ሆስፒታል የተኛች ታላቅ እህት አለቻቸው። «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ፣ ሚስተርዬ። መጣን» ብላ ዘጋች።

ቀጥላ ጎረቤቷን ፊርደውስን ጠራች፤ መኪና ያላት እሷ ናት። ከዚያ ለዕድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ሀብተማርያም ደወለች።

«ሰውዬው የዕድራችን አባል ናቸው እንዴ?» አሉ አቶ ሀብተማርያም።

«ልጄን ያሳደጉልኝ ሰው አባል ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው?» አለች ተሻለች። አቶ ሀብተማርያም ጥቁር ካፖርታቸውን ለበሱ።

ምስር ወጥ፣ ዳቦና ቴርሞስ ተጭኖ ፓርክዴል ደረሱ። ሚስተር ሱክዴዮ በሩን ሲከፍቱ ተሻለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «እኔን! እኔን ሚስተርዬ!» እያለች ተጠመጠመችባቸው። ፊርደውስ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አነባች። አቶ ሀብተማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው በጥግ በኩል ተቀመጡ። ሽማግሌው የለቀስተኞቹን ፊት አንድ በአንድ አዩና እንደ ኖራ ነጡ። ግድግዳውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ብሩኪ!» አሉ። «ብሩኪ ምን ሆነ? አውሮፕላኑ ነው?»

«ኧረ ብሩኪ ደህና ነው!» አለች ተሻለች ደንግጣ። «እኛ ለእህትዎ ነው የመጣነው።»

«እህቴ? እህቴ ጠዋት ደውላ የሆስፒታሉን ምግብ ስታማ ነበር።»

ከዚያ ፊርደውስ ነገሩን ደረሰችበት። ወደ ተሻለች ጆሮ ጠጋ ብላ «እትዬ ተሻለች፣ ሎስ ማለት እኮ ሽንፈትም ማለት ነው» አለቻት። ይህን ብላ ሻሿን መልሳ ፊቷ ላይ አደረገች፤ አሁን ትከሻዋን የሚያንቀጠቅጠው ልቅሶ አልነበረም። አቶ ሀብተማርያም ወደ መስኮቱ ዞረው ሳል የሚመስል ነገር ሳሉ። ተሻለች መሬት ብትውጣት ወደደች። በሕይወት ላለች ሴት፣ ያውም ሆስፒታል ለተኛች፣ ለቅሶ መድረስ! ቴርሞሷን አንስታ ልትወጣ ተነሣች።

«አትሂጂ» አሏት ሚስተር ሱክዴዮ። ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ነው። «አልተሳሳትሽም። ለጨዋታው አይደለም ያልኩሽ። ትናንትና ከተሸነፍን በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ጠዋት ለፕሪንሲፓሉ አንድ ዓመት ጨምሩልን ልለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቢሮው ድረስ አልደረስኩም። ከጂሙ ኋላ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ሰሌኑን አየሁት። ጠቅልለው፣ ሁለት ቦታ አስረው፣ በረዶው ላይ አጋድመውታል።»

የፊርደውስ ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ። አቶ ሀብተማርያም ከመስኮቱ ዞሩ። እሳቸውና ተሻለች ባደጉበት አገር ሰሌን ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ ተጋድሞ ሲታይ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌው ይህን አያውቁም ነበር። ግን ከሳቸው በላይ ማንም አልተረዳውም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ይህን ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። እንዲያ ያለ፣ ድምፅ ያለው የሽማግሌ ልቅሶ ነው።

ተሻለች ቴርሞሷን አስቀመጠችና ተመልሳ ጎናቸው ተቀመጠች። ለቅሶ ላይ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። አቶ ሀብተማርያምም ያውቃሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በለቅሶ ቤት ወግ «ስንት ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ?» ብለው ጠየቁ። ፊርደውስ ተረጎመች።

ሚስተር ሱክዴዮም ተናገሩ። ካናዳ በገቡበት ዓመት ያንን ሰሌን ራሳቸው እንዳስመጡት፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች የጃማይካና የትሪኒዳድ ልጆች እንደነበሩ፣ ቀጥሎ የስሪላንካ፣ ቀጥሎ የፓኪስታን፣ ቀጥሎ የአፍጋኒስታን፤ ከነዚያ ሁሉ መሀል አንድ ሐበሻ። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ከራሳቸው አስቀድመው ሰሌኑን ተሸክመው እንደሚሮጡ። አንዳንዱ ዛሬ ሐኪም ነው፣ አንዳንዱ እስር ቤት ገብቶ ወጥቷል፣ ሁሉም ግን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «ኮች» ይላቸዋል። እየተናገሩ ሳሉ ያለቅሳሉ፣ አልፎ አልፎ ይስቃሉ። ፊርደውስ መተርጎሙን ትታ አብራ ታለቅሳለች። ምስሩ ቀረበ፤ ሥጋ የማይበሉ ሰው ናቸውና ደስ ብሏቸው በሉ። እንደ ማንኛውም ደህና ለቅሶ ሆነ።

ሊወጡ ሲሉ ሚስተር ሱክዴዮ የተሻለችን እጅ ያዙ። «ልጁ እንዳይሰማ። እዚያ ብቻውን ነው፣ በዚያ ላይ ተሸንፏል። ይህን በስልክ ቢሰማ ይሰበራል።»

«ይኼማ መርዶ ነው» አሉ አቶ ሀብተማርያም፣ ሲተረጎምላቸው። «መርዶ ሰው አገር ላለ ሰው በስልክ አይነገርም። ቤቱ ይግባ። እኛ በጠዋት ተሰብስበን እንነግረዋለን። ያን ጊዜ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አለ።»

ሚስተር ሱክዴዮ መርዶ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ፊርደውስ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ብዙ አሰቡና «ጥሩ ሥርዓት ነው» አሉ።

ፊርደውስ መኪና ውስጥ ሲገቡ «ለክሪኬት መርዶ! ሰው ቢሰማን ምን ይለናል?» ማለቷ አልቀረም። ተሻለች በዚያ ሳምንት ልጇ በደወለ ቁጥር ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ አወራችው፤ «ኮች ደህና ናቸው?» ሲል «ደህና ናቸው» አለችው። እሱም «ስለ ትምህርት ቤቱ ምንም አላሉም?» አላት አንዴ። «ምንም» አለች። ለቅሶ ላይ ስታለቅስ የኖረች ሴት መዋሸት አልተማረችምና ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

ብሩኪ ቅዳሜ ጠዋት ገባ። አየር ማረፊያ ማንም አልሄደም፤ ይህም የመርዶ ሥርዓት ነው። በራሱ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ሳሎን ሲደርስ፣ እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። አቶ ሀብተማርያም ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ፊርደውስ አለች። ሚስተር ሱክዴዮ ክራቫት አስረው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማን እንደጎደለ መፈለግ ነው። የብሩኪ ዓይን እናቱ ላይ ሄደ፣ ከሷ ኮቹ ላይ፣ ከሳቸው ደግሞ ወደ ሌሎቹ። የጎደለ አልነበረም። ትከሻው ወረደ።

አቶ ሀብተማርያም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ። «ልጄ፣ እንግዲህ ወንድ ልጅ ነህ። ሰው ሆኖ ኀዘን የማይደርስበት የለምና…»

«ትምህርት ቤቱ ነው?» አለ ብሩኪ።

አቶ ሀብተማርያም አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። «ማን ነገረህ?» አለች ተሻለች።

«ደወሉልኝ እኮ፣ እማ። የጨዋታው ቀን። አሠልጣኙ እኔ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ። መምህር ስለማይገኝ ወሩን መጠበቅ አያስፈልግም፣ መጋዘኑንም ለሌላ ነገር ልናደርገው ነው አሉኝ።»

«ከጨዋታው በኋላ?» አሉ ሚስተር ሱክዴዮ፣ ፊርደውስ በሹክሹክታ ስትነግራቸው።

ብሩኪ ወደሳቸው ዞሮ በእንግሊዝኛ መለሰ። «ልገባ ስል ነው፣ ኮች። የእግር መከላከያ ፓዱን እያሰርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ካሸነፍን ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ ነበር። እርስዎ ሲሰሙ ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው እማን ደውዪላቸው ያልኳት።»

ተሻለች እዚያው ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ሲደብቁት፣ ሲጠነቀቁለት፣ ሰው ሲሰበስቡለት የሰነበቱት ነገር፣ አስቀድሞ በስልክ፣ በሰው አገር፣ እጁን የሚይዘው ሰው በሌለበት ደርሶት ነበር። ከዚያም ባቱን ይዞ ወጥቷል። እሷ ደግሞ ስልኳን የሳሙና ጄሪካን ላይ አስደግፋ አይታዋለች፤ ፊቱን አይታ አላወቀችም።

«ብቻህን?» አለችው። «ይህን ሰምተህ ብቻህን?»

«ብቻዬን፣ እማ።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ለክሪኬት አልነበረም፤ ክሪኬትን እስከ ዛሬም አታውቀውም። ልጇን አንገቱን ይዛ ደረቷ ላይ አድርጋ ጮኸች፤ እሱም ትልቅ ሰው መሆኑን ረስቶ አብሯት አለቀሰ። ፊርደውስና አቶ ሀብተማርያም አላስቆሟቸውም። ከጎረቤት አንዲት ፓኪስታናዊት መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ማን እንደሞተ አልጠየቀችም፣ እሷም ገብታ ተቀመጠች።

ልቅሶው ጋብ ሲል ሚስተር ሱክዴዮ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጠረጉ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ወደ ላይ በተመታችው ኳስ ተናድደው ነበር የሰነበቱት። ልጁ ሲመጣ ሊቆጡት አስበዋል፤ ተረጋጋ ብዬው፣ ጠብቃት ብዬው ብለው። አሁን ሲጠይቁት ግን ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ያቺን ኳስ ለምን ወደ ላይ መታሃት?»

«ቸኮልኩ፣ ኮች» አለ ብሩኪ። «እናንተ ከመስማታችሁ በፊት ለማሸነፍ ጊዜ ያለን አልመሰለኝም።»

ሚስተር ሱክዴዮ ሶፋው ላይ ጠጋ አሉለት፤ ብሩኪም ካፖርቱን ሳያወልቅ ጎናቸው ተቀመጠ።